የተኙት ቃጭሎች

አማቴ ጠዋት ሲያገኙኝ «እንዴት አደርሽ» ብለው አያውቁም ነበር። «ዛሬስ?» ነበር የሚሉኝ። እኔም መርፌዎቻቸው ላይ ክር እያስገባሁ «ገና ነው እማዬ» እላቸዋለሁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሴት ናቸው። የሁለቱም ዓይናቸው ብሌን ላብ እንደያዘው መስታወት ከደፈረሰ ወዲህ ግን ስፌቱ ቀርቶ ቁልፍ መትከል ብቻ ያዙ፤ እሱንም በዳሰሳ። ክር ማስገባት በዳሰሳ አልሆን ስላላቸው ወደ ሥራ ከመውጣቴ በፊት መርፌዎቹን አዘጋጅቼ ነጩን በቀኝ፣ ጥቁሩን በግራ እሰካላቸዋለሁ። አንዳንድ ቀን ቸኩዬ አደባልቄው እሄዳለሁ። ማታ ስመለስ የሰው ነጭ ሸሚዝ ላይ ቁልፎቹ በጥቁር ክር ተተክለው አገኛለሁ። ያን ቀን ራት ላይ ማን እንደሚኮረፍ መናገር አያስፈልግም።

ባለቤቴ የረጅም መንገድ ሾፌር ነው፤ ከአልጋው ይልቅ የመኪናው ወንበር ያውቀዋል። ስለዚህ ቤቱ የእኔና የአማቴ ነው። እንነታረካለን፣ እንኳረፋለን፣ ደግሞ አንዳችን ካልበላን ሌላችን አንበላም። እናቴ ከሞተች ወዲህ «በላሽ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

አማቴ የዓይን ብሌን ንቅለ ተከላ ወረፋ ውስጥ ነበሩ። እኔ ደግሞ ያ ወረፋ የተቀመጠበትን የሆስፒታላችንን ዳታቤዝ ከሚጠብቁት ሁለት ሰዎች አንዷ ነኝ። ሰው ይህን ሲሰማ ዓይኑን ጠቀስ ያደርግብኛል። «እንግዲያው ምን ቸገራችሁ» ይለኛል። እኔን ከዚያ ጥቅሻ የበለጠ የሚያናድደኝ ነገር የለም።

የሚያናድደኝ አንድ ጊዜ እውነት ስለነበረ ነው። ድሮ ብሌን ሲገኝ ተረኛውን በስልክ የሚጠራው ሰው ነበር፤ ሰው ደግሞ ዘመድ አለው። ለዓመታት የጠበቁት ቁጭ ብለው፣ ትናንት የተመዘገበ የአንድ ኃላፊ አጎት ተጠርቶ ተገኘ። የሆስፒታሉ ስም ጠፋ። ከዚያ ወዲህ በእጅ መጥራት ተከለከለ። ብሌኑ ተመርምሮ «ዝግጁ» ተብሎ ሲጻፍ ዳታቤዙ ራሱ ወረፋውን ያያል፣ ያሰላል፣ ተረኛውን ይመርጣል፣ ስልኩ ላይ ይደውላል። እንዲህ ያለውን አንድ ነገር ሲጻፍ በራሱ የሚነሳ ሥራ የሙያው ሰዎች ትሪገር ይሉታል። እኛ ክፍል ግን ስሙ ቃጭል ነው፤ ማንም ሳይነካው ይጮሃላ። ብዙ ቃጭሎች አሉን። ተረኛውን የሚጠራ አለ፣ የማቀዝቀዣው ሙቀት ከፍ ሲል የሚያስጠነቅቅ አለ፣ የለጋሹን ቤተሰብ የሚያመሰግን መልእክት የሚልክም አለ።

ቃጭል የሚለውን ስም ያወጣው የሥራ ባልደረባዬ ጋሽ ቆይ ነው። የእሱ የራሱ ስም እርግጥ ቆይ አይደለም። ምንም ብትጠይቁት መጀመሪያ «ቆይ» ሳይል መልስ ስለማይሰጥ ነው። ምሳ እንውጣ ስትሉት ቆይ ነው፣ ሕንፃው ተቃጠለ ብትሉትም ቆይ ነው። እኔ ደግሞ ከእናቴ ማህፀን ቀኔ ሳይደርስ ተቻኩዬ የወጣሁ ሰው ነኝ። ሁለታችንን አንድ ክፍል ውስጥ ያስቀመጠን ሰው ወይ አስተዋይ ነው ወይ ክፉ።

ወደ ነገሬ ልግባ። ሆስፒታላችን ሁለት ቦታ ነው። ዋናው ላይኛው ይባላል፤ ከከተማው ማዶ ያለው ቅርንጫፍ ደግሞ ታችኛው። ሁለቱም በአንድ ሰርቨር ይሠሩ ነበርና መስመሩ በተቋረጠ ቁጥር ታች ያሉት ሰዎች እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጡ ነበር። በመጨረሻ ለታችኛው የራሱ ሰርቨር ተገዛለት። እዚያ የተጻፈው ወደዚህ ይገለበጣል፣ እዚህ የተጻፈው ወደዚያ ይገለበጣል፤ መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ ሁሉም ሥራውን ይሠራል፣ ሲመለስ ደግሞ ይመሳሰላል።

ችግሩ ግን ቃጭል በሰው እጅ የተጻፈውን ከግልባጭ አለመለየቱ ነው። እኛ የምንጠቀምበት ዳታቤዝ ካልነገሩት በስተቀር መጻፍ ሁሉ አንድ ነው ብሎ ይጮሃል። ይህን እኔም ጋሽ ቆይም እናውቃለን። ግን አዲሱ ሰርቨር ባዶ ነበር፤ ባዶ ቤት ውስጥ ምን ይጮሃል ብለን ቃጭሎቹን ሳናስተኛ የድሮውን መዝገብ በሙሉ ገለበጥንበት። ለካ እያንዳንዱ የድሮ ብሌን ከድሮው ወረፋ ጋር እዚያ ሲደርስ እንደ አዲስ ተቆጥሮ፣ ለድሮዎቹ ተረኞች እንደገና ተደውሎላቸው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ኮሪደራችን ዓይናቸው ከዳነ በቆየ ሰዎች ጢም ብሎ ሞላ። ሁሉም ተጠርተው ነው የመጡት። አንድ ሽማግሌ ከሩቅ አይተውኝ በደስታ እየሳቁ፣ ሁለተኛውን ዓይን ልትጨምሩልኝ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። አንድ ጎረምሳ ደግሞ የዳነ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ መልስ ሊሉኝ ነው ብሎ ፈርቶ ነው። ከሁሉም አንጀቴን የበላችኝ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። የባሏን ብሌን ስለሰጠች የምስጋናው መልእክት እንደገና ደርሷት ነው የመጣችው። ተቆጥታ መስሎኝ ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር እጄን ያዘችኝና «እኔማ የረሳችሁት መስሎኝ ነበር» አለችኝ። ሰብስቤ ሻይ ቤት አስገባኋት፤ ስለ ባሏ ስታወራልኝ አረፈድን።

ዳይሬክተሯ ግን ሻይ የሚያበርደው ዓይነት ንዴት አልነበራትም። ጠርታን፣ ከዛሬ ጀምሮ ከሌላው ሰርቨር ተገልብጦ የመጣ ነገር አንድም ቃጭል እንዳያስጮህ ብላ አዘዘች። ጋሽ ቆይ አፉን ከፈተ።

«ዛሬ ቆይ የሚለውን ቃል መስማት አልፈልግም» አለችው ከአፉ ነጥቃ።

አፉን መልሶ ዘጋ። ያን ጊዜ ምን ሊል እንደነበረ እኔም አልጠየቅሁትም። ቃጭሎቹን በሙሉ፣ በሁለቱም ሰርቨሮች ላይ፣ በሰው እጅ ለተጻፈ እንጂ ለግልባጭ እንዳይነቁ አድርገን አስተኛናቸው። ጋሽ ቆይም ቀደም ብሎ የጠየቀው ፈቃድ ደርሶለት ቤቱን ቀለም ሊቀባ ሄደ። ኮሪደሩ ጸጥ አለ፤ ዳይሬክተሯም ሰላምታ መስጠት ጀመረች።

ከምሳ በኋላ ሁለቱን ሰርቨሮች ጎን ለጎን ከፍቼ ማመሳከር ልማዴ ነው። ቃጭሎቹን ካስተኛን ከጥቂት ቀናት በኋላ ሳይ ከታችኛው የመጣ አንድ ብሌን «ዝግጁ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከጎኑ የተጠራው ሰው መግባት ያለበት ቦታ ግን ባዶ ነው። ያ ቦታ ዓይን ተከፍቶ እስኪከደን ድረስ እንኳ ባዶ ሆኖ አያውቅም። መጀመሪያ ስክሪኑን ጠረጠርኩ። ቀጥሎ ነገሩ ገባኝ።

ብሌን በብዛት የሚገኘው ታች ነው። ወረፋው ያለው ግን ላይ ነው፤ ተረኛውን የሚጠራው ቃጭልም የሚሠራው ላይ ብቻ ነው፤ የታችኛውን ከዚያ የኮሪደር ቀን ወዲህ ለእጅ ጽሑፍም ጨርሰን አስተኝተነዋል። ሰርቨሩ አንድ በነበረ ጊዜ ታች ያለችው የላቦራቶሪ ባለሙያ የጻፈችው በቀጥታ እዚህ ይገባ ነበር። አሁን ግን የሚመጣው በግልባጭ ነው፤ ለግልባጭ ደግሞ ቃጭሉን ራሳችን አስተኝተነዋል። ብሌኑ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተቀምጧል፣ ጠባቂው ቤቱ ተቀምጧል፣ በመካከላቸው የሚጮህ ነገር የለም።

ወደ ታች ደወልኩ። ባለሙያዋ እኔ ከደወልኩ በኋላ ነው የደነገጠችው፤ እሷማ ተረኛው ተጠርቶ የዘገየ መስሏት ነበር። ብሌኑ ነገ ጠዋት ካልተተከለ እንደሚጣል ነገረችኝ። የነገው የቀዶ ጥገና ሰሌዳ የሚዘጋው ደግሞ የዛሬው ሥራ ሲያበቃ ነው።

ወረፋውን ከፈትኩ። ስም የለበትም፣ ኮድ ብቻ ነው፤ የአማቴን ኮድ ግን እንደ ስልክ ቁጥሬ አውቀዋለሁ። አናቱ ላይ ካሉት ሁለት ኮዶች አንዱ የእሳቸው ነው። ከሁለቱ ማን እንደሚቀድም በዓይን አይታወቅም። የብሌኑን ሁኔታ፣ የጠባቂውን ዕድሜ፣ የጉዳቱን መጠንና የቆየበትን ጊዜ አንድ ላይ አስልቶ የሚፈርደው ያው የተኛው ቃጭል ነው።

ስልኩን አነሳሁ። እማዬ ተነሱ፣ ልብስዎን ይልበሱ፣ መጣሁ ለማለት አንድ ቁጥር መንካት ብቻ ነበር የቀረኝ። አስቀመጥኩት። ደግነቴ መስሏችሁ እንዳታመሰግኑኝ፤ የፈራሁት ያን ጥቅሻ ነው። ደግሞም የገዛ ዘመዱ ወረፋ ውስጥ ያለበት ሠራተኛ ወረፋውን የሚነካ ሥራ በእጁ እንዳይሠራ ደንብ አለ። በሌላ ሰው እጅ ነው የሚሠራው። ሌላው ሰው ደግሞ ጣሪያ እየቀባ ነው።

ዳይሬክተሯ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ነገርኳት፤ አንደኛው ኮድ የአማቴ መሆኑንም አልደበቅሁም። ትጮህብኛለች ስል ወንበሯ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«በእጅ ጠርተን ያንቺ አማት ቢሆኑ ይህን ወረፋ ከእንግዲህ ማንም አያምነውም» አለችኝ። «ሌላውን ጠርተን ተራው የእሳቸው ቢሆን ደግሞ እኔ ራሴን አላምነውም። ሂጂና ሰውዬውን አምጪልኝ።»

ስልኩ አይነሳም። ታክሲ ይዤ ቤቱ ሄድኩ። መሰላል ላይ ወጥቶ ጣሪያ ሲቀባ አገኘሁት፤ ፀጉሩ ሳይቀር ነጭ ሆኗል። ሳልተነፍስ ነገርኩት። «ቆይ» ብሎ ብሩሹን ውኃ ውስጥ ነከረ፣ ከመሰላሉ ወረደ፣ እጁን ሊታጠብ ገባ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ሲፈትግ በሩ ላይ ቆሜ ጥርሴን ነክሼ አየዋለሁ። ያ ሰው በሳሙና ሊታጠብ ሳይሆን ልጅ ሊያጠምቅ የሄደ ነበር የሚመስለው። ሲወጣ ግን «ብዬ ነበር» አላለኝም። ሊል ይችል ነበር፤ አፉ ተከፍቶ እንደተዘጋ ሁለታችንም እናውቃለን። ሸሚዙን እየቆለፈ የጠየቀኝ፣ ብሌኑ ያለበት ማቀዝቀዣ ደህና ነው ወይ ብሎ ነው። ሰው በዚህ ይታወቃል፤ እኔ ብሆን ኖሮ ሳልናገር ጫማዬንም አላስርም ነበር።

ታክሲው ውስጥ ግን የሆዴን አወጣሁት።

«ጋሼ፣ አንተ ደውልላቸው። አንተ ከደወልክ እኮ እኔ አልነካሁም።»

«ቆይ» አለ። ከዚያ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። «ተራው የሌላኛው ከሆነስ?»

እውነቱን ለመናገር ያን ሌላኛውን ሰው በዚያች ሰዓት ጠላሁት። ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ልጅ ይሁን ሽማግሌ፣ ቤቱ ማን ክር እንደሚያስገባለት አላውቅም። ግን ጠላሁት። ጋሽ ቆይ ይህን ከፊቴ ላይ ያነበበው ይመስለኛል፤ መስኮቱን ከፈተልኝ።

ሰርቨር ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው፤ በሩ ኋላ ሁልጊዜ የሚሰቀል የጋራ ሹራብ አለ። ጋሽ ቆይ እሱን ደርቦ ኪቦርዱ ፊት ተቀመጠ። እኔ በደንቡ መሠረት ከኋላው ባለች የፕላስቲክ ወንበር ላይ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ዳይሬክተሯ በሩን ተደግፋ ቆመች። ስህተታችን ቃጭሎቹን ማስተኛታችን እንዳልሆነ ነገራት። ስህተታችን ሁሉንም በአንድ ትእዛዝ ማስተኛታችን ነው። እያንዳንዱን ለየብቻ፣ አንተ የማንን ጽሑፍ ሰምተህ ነው የምትነሳው ብሎ መጠየቅ ነበረብን። የምስጋናውን መልእክት የሚልከው ለግልባጭ መነሳት የለበትም፤ ብሌኑ መጀመሪያ በተጻፈበት ቦታ አንድ ጊዜ አመስግኗል፣ ይበቃዋል። የማቀዝቀዣውም እንዲሁ፤ የታችኛው ማቀዝቀዣ ቢሞቅ የሚሮጡት ታች ያሉት ናቸው። ተረኛውን የሚጠራው ግን በላይኛው ሰርቨር ላይ በእጅ ለተጻፈውም ለግልባጩም ሁልጊዜ መንቃት አለበት፤ በታችኛው ላይ ደግሞ ለማንኛውም እንደተኛ መቅረት አለበት፤ አለዚያ ለአንድ ብሌን ሁለት ሰው ይጠራል።

«እና ለምን ያኔ አልነገርከኝም?» አለችው ዳይሬክተሯ።

ጋሽ ቆይ ዞር ብሎ አያት። እሷም ትዝ አላት መሰለኝ፣ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እሺ፣ ቀስቅሰው» አለች።

«ቆይ» አለ።

እዚህ ላይ እኔ ከወንበሬ ልነሳ ምንም አልቀረኝም። ለካ ከዚያ የኮሪደር ውርደት በኋላ ታች ያሉት ሰዎች የድሮውን መዝገብ ሲያርሙ ነበር የሰነበቱት። እርማቱ በሙሉ በግልባጭ እየመጣ ነው፤ ገና አላለቀም፣ መስመሩ ላይ ተሰልፏል። ቃጭሉን አሁን ብንቀሰቅሰው እያንዳንዱን የድሮ ብሌን አዲስ ነው ብሎ ላይ ባለው ወረፋ ለተሰለፉት የዛሬ ጠባቂዎች ያድለው ነበር። በሌለ ብሌን ስንቱ ሰው ተጠርቶ፣ ስንቱ ቤት እልል ብሎ፣ ነገ ጠዋት በባዶ ይመለስ ነበር። ሰልፉ እስኪያልቅ መጠበቅ ነበረብን።

ጠበቅን። ዳይሬክተሯ ሰዓቷን ታያለች፣ ደግሞ ስክሪኑን ታያለች። አንድ ጊዜ ወጥታ የቀዶ ጥገናውን ሰሌዳ የሚይዘው ሰው ሳይዘጋ ትንሽ እንዲታገሳት ለምና ተመለሰች፤ ስትለምን ሰምቻት አላውቅም። መስመሩ በመካከል ተቆረጠና ሰልፉ ቆመ። ጋሽ ቆይ እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፎ እንደ ተቀመጠ ቀረ። እኔ በልቤ መስመሩንም፣ ቴሌውንም፣ ራሴንም ረገምኩ። ተመለሰ። እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ አለቀ።

ያን ጊዜ ነው ያን አንዱን ቃጭል ብቻ የቀሰቀሰው። ከዚያ ወደ ታች ደወለ። ባለሙያዋ ብሌኑን እንደ አዲስ በማይክሮስኮፕ መርምራ፣ ደህና ከሆነ ብቻ የምርመራውን ውጤት እንደገና እንድትጽፍ ነገራት። ስልኩን ሳትዘጋ ሄደች። የወንበር መንቀሳቀስ፣ የበር መከፈት ይሰማናል፣ ከዚያ ምንም አይሰማም። ምን ሲያይ እንደኖረ ማንም የማያውቀው ሰው ዓይን እዚያ ማዶ በመስታወት ሥር እየታየ ነው። የእኔ አማት ወይ የሌላ ሰው አባት፣ አንዳቸው በዚያ ያያሉ። በዚያች ሰዓት የሞተውን ሰው አመሰገንኩት፤ በሕይወቱ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ ባላውቅም ከልቤ አመሰገንኩት።

«ደህና ነው» አለች ተመልሳ። «ጻፍኩት።»

ሦስታችንም ስክሪኑ ላይ አፈጠጥን። ግልባጩ ደረሰ። ከጎኑ ያለው ባዶ ቦታ ላይ ኮድ ተጻፈ፤ እኔ ግን ከተቀመጥኩበት አይታየኝም፤ የጋሽ ቆይ ትከሻ ጋርዶኛል። ልጠይቀው ስል ኪሴ ውስጥ ስልኬ ተንቀጠቀጠ።

የአማቴ ተጠሪ እኔ ነኝ፤ የተመዘገበው ስልክ የእኔ ነው። አነሳሁት። ስንት ጊዜ ስንፈትሽ የሰማሁት የተቀዳ ድምፅ፣ ተራዎ ደርሷል፣ ዛሬውኑ ወደ ሆስፒታል ይምጡ አለኝ። እስከ መጨረሻው አዳመጥኩት። ዳይሬክተሯ ጣሪያውን ታያለች። ጋሽ ቆይ የሌለ እስክሪብቶ ፍለጋ ጠረጴዛው ሥር ገብቷል። አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ። ጋሽ ቆይ ከጠረጴዛው ሥር ሲወጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩበት፣ እግዜር ይስጥልኝ አልኩት፣ ሹራቡ ቀለም ቀለም ይሸት ነበር። «ቆይ፣ መጀመሪያ ይዳኑ» አለኝ። ሁለተኛው ኮድ አሁን ከወረፋው አናት ላይ መሆኑን፣ ቃጭሉም ለእሱ ንቁ መሆኑን አሳየኝ። ያን ሰው መጥላቴ ያን ጊዜ ነው የለቀቀኝ።

ንቅለ ተከላው እንደተሳካ ከወዲሁ ልንገራችሁና ልባችሁ ይረፍ። አማቴ አሁን እኔ የቀባሁትን የከንፈር ቀለም አይተው «ይኼ ምንድን ነው?» የሚሉኝ ሆነዋል። እኔ ግን ይህን የምጽፈው ለዚያ አይደለም። በዚያው ቀን ቤት ስደርስ ስለሆነው ነገር ነው።

ታክሲውን በር ላይ አስቁሜ ሮጬ ገባሁ። አማቴ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው የሰው ካፖርት ጭናቸው ላይ ዘርግተዋል። በማልመጣበት ሰዓት ስለመጣሁ ደንግጠው ቀና አሉ፤ ልጃቸው መንገድ ላይ አንድ ነገር ሆኖ ይሆናል ብለው ነው። ልጅዎ ደህና ነው አልኳቸው። ተጠርተዋል እማዬ፣ ነገ ጠዋት ይሠራልዎታል፣ ዛሬ እዚያ ማደር አለብዎት፣ መኪና በር ላይ ቆሟል። አንድ ላይ አወረድኩት።

አልተነሱም። መርፌውን ካፖርቱ ላይ ሰክተው እጃቸውን አሳረፉ።

«አንቺ ነሽ የጠራሽኝ?»

«አይደለሁም እማዬ።»

«ልጄ፣ የማንን ተራ ነው የሰጠሽኝ? ንገሪኝ፣ አልቆጣሽም። ግን በሰው ተራ ከሆነ አልሄድም። ጨለማውን ለምጄዋለሁ፤ የሰው እንባ ግን በዚህ ዕድሜዬ አልችልም።»

መኪናው ክላክስ አደረገ። አማቴ ፊታቸውን ወደ እኔ አዘንብለው ይጠብቃሉ። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ የሰውን ፊት የሚያዩት በድምፁ ነው። ሥጋ ሻጩ ሲያታልላቸው ከድምፁ ያውቃሉ። ባለቤቴ «ነገ እመጣለሁ» ብሎ ሲዋሻቸውም ያውቃሉ፤ እኔ «ደክሞኛል» ብዬ ስኮርፍም ያውቃሉ። ጋሽ ቆይ ታክሲው ውስጥ የለመንኩትን አድርጎልኝ ቢሆን ኖሮ እዚያች መስኮት ሥር ቆሜ የምናገረው ቃል ያው አሁን የምናገረው ይሆን ነበር። ድምፄ ግን ያው አይሆንም ነበር፤ እሳቸውም ከወንበራቸው አይነሱም ነበር፤ ብሌኑ ይጣል ነበር። ያን ሰውዬ እጁን ሲታጠብ ቆሜ የረገምኩት እኔ፣ በዚያች ደቂቃ ቢያዘኝ እግሩን አጥበው ነበር።

«የራስዎ ተራ ነው እማዬ» አልኳቸው።

ድምፄን እንደ ጨርቅ በጣታቸው መካከል ይዘው ያሹት መሰለኝ። ከዚያ ካፖርቱን አጣጥፈው ከጭናቸው አነሱና እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ» አሉኝ፣ «ጫማዬን አቀብዪኝ።»